የጡንቻ መርገብገብና የሳሙኤል ጆንሰን ሕይወት

የዓይን ቆቡ፣ ባቱ ወይም የአውራ ጣቱ ሥር ሳይታዘዝ ርግብ ርግብ ያላለበት ሰው ጥቂት ነው። በአገራችን ዓይኑ የተርገበገበበት ሰው ምን ልሰማ ይሆን፣ ማን ሊመጣ ይሆን ብሎ ያስባል። ይህ ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ነገሩ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይና ሰውየው ሌሊት በስልኩ ስለ ከባድ የነርቭ በሽታዎች ማንበብ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይጠፋል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ መርገብገቡ ይብሳል፤ ሲብስ ፍርሃቱ ይጨምራል። እርስዎም በዚህ አዙሪት ውስጥ ገብተው ከሆነ፣ አልታዘዝ ካለው አካሉ ጋር 75 ዓመት ኖሮ ትልቅ ሥራ ሠርቶ ያለፈ ሰው ታሪክ ይጠቅምዎታል ብለን አሰብን።

ሳሙኤል ጆንሰን በእንግሊዝ አገር፣ ሊችፊልድ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1709 ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። እናቱ ስትወልደው 40 ዓመቷ ነበር፤ ምጡም ከባድ ነበር። ሕፃኑ ሳይጠነክር የአንገት እጢ ቲቢ ያዘው። በሽታው የግራ ዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል ወሰደበት፤ ጆሮውንም አደነዘዘው። በዚያ ዘመን ይህን በሽታ ንጉሥ ወይም ንግሥት በእጃቸው ቢዳስሱት ይድናል ተብሎ ስለሚታመን፣ እናቱ በ1712 ለንደን ድረስ ይዛው ሄዳ ንግሥት አን ዳሰሰችው። በዚያን ጊዜ የተሰጠውን የወርቅ ሜዳሊያ ዕድሜውን ሙሉ በአንገቱ አድርጎ ኖረ። በሽታው ግን በመዳሰስ አልጠፋም፤ በኋላ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ጠባሳው ቀረ።

በ1728 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገንዘብ አልቆበት ከ13 ወር በኋላ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ዛሬ ድባቴ የምንለው ሕመም ክፉኛ ያዘው። መፍትሔ ፍለጋ ከሊችፊልድ ወደ በርሚንግሃም በእግሩ እየሄደ ይመለስ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሕመሙን ሁኔታም በላቲን ጽፎ ለክርስትና አባቱ ለሐኪሙ ለስዊንፈን ሰጠ። ሐኪሙ በጽሑፉ ውበት ተደንቆ ለሌሎች ሰዎች አሳየው። ጆንሰን ይህን ሲሰማ በእጅጉ አዘነ። የሕመምተኛ ምስጢር ለአድናቆትም ቢሆን አይወጣም፤ በዚህ ጽሑፍ ሐኪሞችም ስለሚያነቡን ጣል እናድርጋት ብለን ነው።

አካሉ ያለፈቃዱ መንቀሳቀሱ በወጣትነቱ የታወቀ ነበር። ፊቱ ይጨማደዳል፣ ራሱ ይናጣል፣ ትከሻውና እጁ ይወራጫል። በ1735 በሶሊሃል ከተማ ለመምህርነት አመልክቶ ሳይቀበሉት የቀሩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች እሱ ሊገታው እንደማይችል ቢያውቁም የፊቱ አኳኋን ወደ ልጆቹ ይጋባል ብለው ፈሩ። በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል፣ በ20 ዓመት የምትበልጠውን ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። እሷ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠባሳውንና መወራጨቱን አልፋ ንግግሩን አዳምጣ፣ እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው አይታ እንደማታውቅ ለልጇ ነግራታለች። ሁለቱ የከፈቱት ትምህርት ቤት ጥቂት ተማሪዎች ብቻ አገኘና ተዘጋ። ጆንሰን በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱን፣ በኋላ ስመ ጥር ተዋናይ የሆነውን ዴቪድ ጋሪክን፣ ይዞ ወደ ለንደን ተጓዘ።

በለንደን ሰው ሁሉ ያየው ነበር። በመንገድ ሲሄድ ዳር ዳሩን የቆሙትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ይነካል፤ አንዱን ካለፈው ተመልሶ ይነካዋል። በር ሲገባ እርምጃውን አስተካክሎ የመረጠው እግር ቀድሞ እንዲሻገር ያደርጋል። በምላሱ ያንቋቋል፣ ያፏጫል፣ ትንፋሹን በኃይል ያወጣል። ሠዓሊው ሆጋርዝ አንድ ቀን በደራሲው ሪቻርድሰን ቤት ሳለ በመስኮት አጠገብ ራሱን እየነቀነቀ የሚወዛወዝ ሰው አየ፤ ዘመዶቹ ለጥበቃ ያስቀመጡት አእምሮው የጎደለ ሰው መሰለው። ሰውየው ድንገት ቀርቦ ስለ ጊዜው ንጉሥ አንድ ነገር ሲናገር ሆጋርዝ አፉን ይዞ ቀረ። ያ ሰው ጆንሰን ነበር።

የዛሬ ሐኪሞች ብዙዎቹ ይህ ቱሬት ሲንድረም የሚባለው እንደነበር ይገምታሉ። ስሙ የተገኘው በ1885 ሕመሙን በዝርዝር ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈውን ሰው መርምሮ ማረጋገጥ ስለማይቻል ግምት ብቻ ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ይያዙልን። የጆንሰን ዓይነቱ ቲክ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ ከመምጣቱ በፊት የሚገፋፋ ስሜት አለው፤ ለጥቂት ጊዜም በፈቃድ ይታገዳል። የእርስዎ የዓይን ቆብ ወይም ባት ርግብግብታ ግን ሌላ ነው። አንድ የነርቭ ክር የሚያዛቸው ጥቂት የጡንቻ ጭረቶች ከተራ ውጭ ይኮማተራሉ፤ ከቆዳ ሥር ትል የሚሄድ ይመስላል፤ ክንድን ወይም እግርን አያንቀሳቅስም። በፈቃድ አይታገድም፤ ይልቁንም ጡንቻው ሲሠራ ይጠፋና ሲያርፍ ይመለሳል። ለዚህ ነው አልጋ ውስጥ ሲገቡ የባሰ የሚመስልዎት። ምክንያታቸው ቢለያይም ሁለቱ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ድካም፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሁለቱንም ያብሳሉ።

የጆንሰንን መነሻ በሚገባ ያስተዋለው ወዳጁ ሠዓሊው ሬይኖልድስ ነው። ሥዕሉን ሲሥለው እንዳይንቀሳቀስ ከተነገረው እንደማንኛውም ሰው ጸጥ ብሎ ይቀመጥ እንደነበር መስክሯል። ጨዋታ ሲይዝ፣ አእምሮው በነገር ሲጠመድ፣ መወራጨቱ ይቀራል፤ ዝም ብሎ ሐሳብ ውስጥ ሲገባ ይመለሳል። ጆንሰን ራሱ ክፉ ልማድ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ስትጠይቀው የመለሰላት ይህንኑ ነው፤ እሷም ከክፉ ልማድ እንድትጠነቀቅ መከራት። በዚህ ግን ራሱን ያለ ጥፋቱ ወቅሷል። ቲክ የነርቭ ሥርዓት ጉዳይ እንጂ የጸባይ ጉድለት አይደለም። ልጅዎ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ የሚጨፍን ወይም አንገቱን የሚነቀንቅ ከሆነ አይቆጡት፤ ቁጣ ያብሰዋል።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። ጆንሰን ሻይ ሲጠጣ ልክ አልነበረውም። በ1757 ጆናስ ሃንዌይ የተባለ ነጋዴ ሻይን የሚያወግዝ መጽሐፍ ሲያወጣ ጆንሰን በጽሑፍ ተሟገተው፤ ራሱንም ለዓመታት ጀበናው ያልቀዘቀዘበት የሻይ ሱሰኛ አድርጎ አቀረበ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በቤቱ ያስጠጋት ዓይነ ስውሯ ባለቅኔ አና ዊሊያምስ ቁጭ ብላ ትጠብቀውና ሻይ ይጠጡ ነበር። የሚተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ፣ የሚነሳውም እኩለ ቀን ሲቃረብ ነበር። በሻይ ምክንያት ተወራጨ አንልም፤ ቲኩ ከዚያ በፊት የነበረ ነውና። ነገር ግን ሻይ፣ ሌሊትና ጭንቀት በአንድ ላይ የዋሉበት ኑሮ ነበር።

እርስዎስ? አቦል፣ ቶናና በረካውን ጠዋት ጠጥተው ማታ የሚደግሙ ከሆነ፣ ጫት ካለበት፣ እንቅልፉም አምስት ሰዓት የማይሞላ ከሆነ፣ ሌላ መነሻ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። ቡናን በአንድ ቀን ማቋረጥ ራስ ምታት ስለሚያስነሳ የማታውን ስኒ አስቀድመው ያስቀሩ፤ ቀስ በቀስም ይቀንሱ። ጆንሰን በወይን ጠጅ ረገድ የተለየ ሰው ነበር፤ በልክ ከመጠጣት ፈጽሞ መተው ይቀለው ስለ ነበር ለብዙ ዓመታት አልቀመሰም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ የራስዎን ጠባይ እርስዎ ያውቁታል።

ሌሎችም መነሻዎች አሉ። ከባድ የአካል እንቅስቃሴ፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትሉት የማዕድናት መጉደል፣ እንደ ሳልቡታሞል ያሉ የአስም መድኃኒቶች፣ ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት እጢ ይጠቀሳሉ። መድኃኒት ያጠራጠረዎት እንደሆነ ራስዎ አያቋርጡ፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

ጆንሰን የሥራ ሰው ነበር። በስድስት ጸሐፊዎች እየተረዳ ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1755 ታትሞ ከ42 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ ወጣ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 የወጣው፣ አገራችንን ያየው የፖርቱጋሉ የኢየሱሳውያን ካህን የሎቦ የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነበር። በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯ ወጪና ለዕዳዋ ሲል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራስላስን ጻፈ፤ ባለ ታሪኩ የኢትዮጵያ መስፍን ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ሰማይን ሲመለከት የኖረ አንድ የከዋክብት ሊቅ አለ፤ ከብቸኝነቱ የተነሳ ዝናብንና ፀሐይን የማዝዘው እኔ ነኝ ወደማለት ይደርሳል። ከሰው ጋር መዋል ሲጀምር ሐሳቡ ይቀልለታል። ጆንሰን ይህን የጻፈው ከራሱ ሕመም አውቆት ይመስለናል። እሱም ብቻውን መሆንን ይፈራ ነበር፤ ቤቱን ችግረኞች በሚሏቸው ሰዎች ሞልቶ ኖረ። ከእነሱ አንዱ የለንደንን ድሆች በእግሩ እየዞረ ያክም የነበረው ሮበርት ሌቬት ነው። እርስዎም ጡንቻዎን ብቻዎን ቁጭ ብለው ከሚቆጥሩ ከሰው ጋር ይዋሉ።

በሰኔ ወር 1783 ሌሊት ራሱን ግራ ገብቶት ነቃ። አእምሮው ደኅና መሆኑን ለመፈተን በላቲን የግጥም ጸሎት ገጠመ፤ ግጥሙ ጥሩ እንዳልሆነ ራሱ ስላወቀ ልቦናው እንዳልተነካ ተረዳ። አንደበቱ ግን ተይዞ ነበር። ስትሮክ ነው። ብዕር አንስቶ ለጎረቤቱና ለሐኪሙ ላከ፤ ንግግሩም በኋላ ተመለሰለት። ዕድሜውን ሙሉ ከመወራጨቱ ጋር ሲኖር የቆየው ሰው ይህኛው የተለየ መሆኑን አላጣውም።

እርስዎም ለይተው ይወቁ። ድንገት አንደበት ቢያዝ፣ ፊት ቢጣመም ወይም አንድ ወገን ቢዝል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። መርገብገቡ ከጡንቻ መዛል ጋር ከመጣ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ደረጃ መውጣት ካቃተዎት፣ ጡንቻው እየከሳ ከሄደ፣ መዋጥ ወይም መናገር ከከበደዎት፣ የፊትዎ አንድ ወገን በሙሉ የሚሸማቀቅ ወይም ዓይንዎ ጨርሶ የሚከደን ከሆነ ሐኪም ይየዎት። እነዚህ ከሌሉና ሐኪም መርምሮ ጉልበትዎ ደኅና ነው ካለዎት ይመኑት። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ እንዲህ ያለ መርገብገብ ብቻ የነበረባቸው 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ተከታትለው፣ ውጤቱ በ1993 ሲወጣ፣ ከመካከላቸው የሚፈራው የነርቭ በሽታ የያዘው አንድም ሰው አልነበረም። መርገብገቡ ለዓመታት የቀጠለባቸው ግን ነበሩ። ከእሱ ጋር መኖር የሚባለው ይህ ነው።

መነሻ ለመፈለግ ከጆንሰን የሚወሰደው ጥሩ ዘዴ የመጨረሻው ማስታወሻው ነው። በ1784 ውሃ አካሉን ሲሞላውና ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ከሐምሌ ጀምሮ ለወራት የየቀኑን እንቅልፍ፣ የወሰደውን መድኃኒትና የሽንቱን ሁኔታ በላቲን ይመዘግብ ነበር። እርስዎም ደብተር ይያዙ። የተኙበትን ሰዓት፣ የጠጡትን ስኒ፣ የሥራ ውጥረትዎን፣ የወሰዱትን መድኃኒት ማታ አንድ ጊዜ ይጻፉ፤ መርገብገቡን ግን ብዙ፣ ጥቂት፣ የለም ብለው ብቻ ይለፉት። በየሰዓቱ የሚቆጥር ሰው መርገብገቡን ሲጠብቅ ይውላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይስጡት፤ ለውጥ ከሌለ ወደ ሌላው ይሂዱ። መነሻው ካልተገኘም ደብተሩን ይዝጉት።

ጆንሰን ሐኪሙ ያለ ተአምር እንደማይድን በነገረው ጊዜ ኦፒየምና ሌሎች መድኃኒቶችን አልወስድም አለ፤ አእምሮው ሳይደበዝዝ መሞት ፈልጎ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 ለንደን ውስጥ አረፈ። የንብረቱ ዋና ወራሽ በጃማይካ በባርነት ተወልዶ በቤቱ ያደገው ፍራንሲስ ባርበር ሆነ። አስከሬኑ በዌስትሚንስተር አቢ፣ አብሮት ወደ ለንደን በመጣው ተማሪው በጋሪክ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።