አሌክሳንደር ሃሚልተን
አሌክሳንደር ሃሚልተን (እ.ኤ.አ. በ1804 የሞተ) የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። የተወለደው በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በኔቪስ ደሴት ሲሆን በ1780 ኤልሳቤጥ ስካይለርን አገባ።

በ1791 ማሪያ ሬይኖልድስ ከምትባል ባለትዳር ሴት ጋር በድብቅ ወዳጅነት ጀመረ። ባሏ ጄምስ ምስጢሩን እንዳያወጣበት ከ1,000 ዶላር በላይ ከፈለው። በ1797 ክፍያው ሥልጣኑን ተጠቅሞ ከጄምስ ጋር ያደረገው ሕገወጥ ንግድ ነው ተብሎ በይፋ ሲወነጀል፣ ከሙስና ስሙን ለማጽዳት ዝሙቱን ራሱ ጽፎ አሳተመ። ትዳሩ ግን አልፈረሰም።

በ1801 የበኩር ልጁ ፊሊፕ የአባቱን ክብር ለማስጠበቅ በገባበት የሽጉጥ ፍልሚያ ሞተ። ሃሚልተንም ከምክትል ፕሬዝዳንቱ አሮን በር ጋር ተፋልሞ በማግስቱ አረፈ። ኤልሳቤጥ እስከ 1854 ድረስ ኖራ ጽሑፎቹን አሰባሰበች፤ ለስሙም ተከራከረች።