ሐይንሪክ ሄርትዝ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይንሪክ ሄርትዝ በሰሜን ጀርመን በምትገኘው ሐምቡርግ በተባለችው የወደብ ከተማ በ1857 ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ስለነበረ ልጁ በቂ ትምህርት እንዲያገኝ አድርጎታል። ሄርትዝ በልጅነቱ ለመጻሕፍትም ለእጅ ሥራም እኩል ፍቅር ነበረው። በአንድ በኩል ግሪክኛና ዐረብኛ ሲያጠና፣ በሌላ በኩል እንጨትና ብረት እየቀረጸ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ይሠራ ነበር። ይህ የእጅ ጥበብ በኋላ ዘመኑ እጅግ ጠቅሞታል።

ካደገ በኋላ በመጀመሪያ የመሐንዲስነት ትምህርት ጀመረ። ነገር ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ምርምር ስላዘነበለ፣ በ1877 የአባቱን ፈቃድ ጠይቆ ወደ ፊዚክስ ትምህርት ተዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ በርሊን ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ሊቅ ከሔልምሆልትዝ ዘንድ ተማረ። በ1880 የዶክተርነት ማዕረግ ሲቀበል ዕድሜው ገና ሃያ ሦስት ዓመት ነበር።

በዚያን ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንትን የሚያከራክር አንድ ታላቅ ጥያቄ ነበር። በአንድ ቦታ ያለ የኤሌክትሪክ ኃይል ራቅ ብሎ በሚገኝ ነገር ላይ ሲሠራ፣ ሥራው የሚደርሰው በቅጽበት ነውን? ወይስ መንገዱን ለመጓዝ ጊዜ ይፈጅበታል? ብዙዎቹ የአውሮጳ ሊቃውንት በቅጽበት ይደርሳል ይሉ ነበር። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ግን የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል እንደ ሞገድ ሆኖ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስረድቶ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ሞገድ በሙከራ ያሳየ ሰው አልነበረም። ማክስዌልም ሐሳቡ ሳይረጋገጥለት በ1879 ሞተ።

በዚያው በ1879 የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ የሽልማት ውድድር አወጣ። ሔልምሆልትዝም ተማሪውን እንዲሞክር አደፋፈረው። ሄርትዝ ጉዳዩን በሚገባ ካሰላ በኋላ፣ በጊዜው በነበሩት መሣሪያዎች የሚፈለገው ውጤት ከቶ ሊታይ እንደማይችል ስለተገነዘበ ሥራውን ተወው። ጥያቄውን ግን ከአእምሮው አላወጣውም።

በ1885 ሄርትዝ በካርልስሩኸ ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላም ለሰባት ዓመት ያህል በልቡ የያዘውን ነገር የሚፈታበት መንገድ ተገለጠለት። መካከሉ ላይ ጠባብ ክፍተት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አዘጋጀ። በክፍተቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በተነሣ ጊዜ በዘንጉ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በአስደናቂ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ለመቀበያም በክብ የተጠመዘዘና እርሱም ጠባብ ክፍተት ያለው ሽቦ ሠራ። ከዘንጉ የተነሣው ኃይል ሽቦው ዘንድ ሲደርስ በሽቦው ክፍተት ላይ ሌላ ጥቃቅን ብልጭታ ይታያል። የዚህ ብልጭታ ርዝመት የሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ ስለነበረ፣ ሄርትዝ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን እያደከመ ይመለከት ነበር።

ብልጭታው መታየቱ ብቻ ግን ሞገድ መኖሩን አያረጋግጥም ነበር። ስለዚህ በ1888 በመማሪያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዚንክ ቆርቆሮ ሰቀለ። ሞገድ ካለ ከቆርቆሮው ተንጸባርቆ መመለስና ከሚመጣው ሞገድ ጋር መጋጠም ይኖርበታል። ሄርትዝ መቀበያውን ይዞ ከግድግዳው ሲርቅ ብልጭታው በአንዳንድ ቦታ እየደመቀ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ፈጽሞ እየጠፋ አገኘው። እንዲህ ያለው ነገር ከሞገድ በቀር በሌላ አይሆንም። ከዚህም ተነሥቶ የሞገዱ ርዝመት ዘጠኝ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑን ለካ።

ሆኖም አንድ ችግር ገጠመው። በልኬቱ መሠረት የሞገዱ ፍጥነት በአየር ውስጥና በሽቦ ላይ የተለያየ ሆነ፤ የማክስዌል ሐሳብ ግን እኩል መሆን አለበት ይላል። ሄርትዝ የሚያምንበትን ሐሳብ ለማስደሰት ሲል ቁጥሩን አላጣመመም፤ ያገኘውን እንዳገኘው አሳተመ። በ1892 ባወጣው መጽሐፍም የራሱን ልኬት እንደሚጠራጠርና የአዳራሹ ግድግዳዎች ሳያሳስቱት እንዳልቀሩ ለአንባቢ ገለጠ። በ1893 በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ሳራዛንና ደ ላ ሪቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሙከራውን እጅግ ሰፊ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ደገሙት። ፍጥነቱም በሁለቱም መንገድ እኩል ሆኖ ተገኘ። ማክስዌል ትክክል ነበር፤ ጥፋቱም የክፍሉ ጥበት ነበር።

በ1888 መጨረሻ ሄርትዝ ኃይሉ በርቀት ምን ያህል እንደሚቀንስ በሒሳብ አሰላ። በዘንጉ አጠገብ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በሩቅ ቦታ ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ምክንያቱም በቅርብ ያለው ኃይል በአብዛኛው ከምንጩ ጋር እንደ ታሰረ ስለሚቀር ነው፤ ከዘንጉ ይወጣል፣ ተመልሶም ወደ ዘንጉ ይገባል። የሩቁ ግን ከምንጩ ተላቅቆ ለብቻው ይጓዛል። የሚዳከመውም ስለሚጠፋ ሳይሆን፣ እየሰፋ በሚሄድ ኳስ መሰል ገጽ ላይ ስለሚሠራጭ ነው። የኳሱ ስፋት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ አንድ አራተኛ ይሆናል፤ የመብራት ብርሃንም ከመብራቱ በራቅን ቁጥር በዚሁ ሕግ ይደበዝዛል።

ቅርብና ሩቅ የሚባለው ደግሞ በሜትር አይወሰንም፤ የሚወሰነው በሞገዱ ርዝመት ነው። ለዘጠኝ ሜትር ሞገድ አሥራ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ ጠባብ ነው። አዳራሹን ማስፋት ባይቻልም ሞገዱን ማሳጠር ግን ይቻላል። ስለዚህ ሄርትዝ ትንሽ ዘንግ ሠርቶ ሞገዱን ወደ ስልሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር አሳጠረው። ያው አዳራሽ ለአጭሩ ሞገድ ሰፊ ሜዳ ሆነለት። ከዚንክ በተሠሩ ጎባጣ መስተዋቶች ሞገዱን አሰባስቦ እስከ አሥራ ስድስት ሜትር ድረስ ላከው። ሞገዱ በተዘጋ የእንጨት በር ውስጥ አለፈ፤ ከቅጥራን በተሠራ ትልቅ ፕሪዝም ውስጥም ሲያልፍ እንደ ብርሃን አቅጣጫውን ለወጠ። በዚህም ብርሃንና የኤሌክትሪክ ሞገድ በባሕርያቸው አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ።

ሄርትዝ በ1889 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ከ1892 ጀምሮ ግን ከባድ ሕመም አደረበት። ተደጋጋሚ የቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ሊድን አልቻለም። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ትቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ሞተ። ዕድሜውም ሠላሳ ሰባት ዓመት አልሞላም ነበር።

በጨለማ ክፍል ውስጥ የታየችው ያች ጥቃቅን ብልጭታ ግን ከእርሱ ጋር አልጠፋችም። ጣሊያናዊው ማርኮኒ በ1901 በዚሁ ሞገድ አማካይነት ምልክትን ከእንግሊዝ አገር አትላንቲክ ውቅያኖስን አሻግሮ ላከ። ዛሬ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሞገድ የሚለካበት መለኪያ ሄርትዝ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ሄርትዝ ለዚህ ክብር የበቃው ዕውቀቱ ከፍ ያለ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሊሠራ የማይችለውን ሥራ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ በትዕግሥት ስለጠበቀ፣ የማይስማማውንም ውጤት ሳይደብቅ ስላስታወቀ ጭምር ነው።