አባ ጴጥሮስ ዘጋዛ፦ ክብርን እየተወ የኖረ ተሳላሚ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅድስት ሀገርን ለመሳለም የመጣችሁ ምእመናን ሆይ፥ ከኢየሩሳሌም ወርዳችሁ አስቀሎና ስትደርሱ በባሕሩ ዳር የምታዩት የፈረሰ ቅጥር፣ የወደቀ ዓምድና አሸዋ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲኬድ ጋዛ አለች፤ ቅዱስ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ከኢየሩሳሌም ወደ እርስዋ በሚወርደው መንገድ ነው። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ ይህ የባሕር ዳርቻ የመነኮሳት ሀገር ሆነ። በዚህ ምድር ከኖሩት አባቶች አንዱ የተዋሕዶን ሃይማኖት በመጠበቅ የተሰደደው አባ ጴጥሮስ ዘጋዛ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጴጥሮስ የተወለደው በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፥ አይቤርያ ትባል በነበረችው፥ ዛሬ ጆርጂያ በምትባለው ሀገር፥ ከነገሥታት ቤት ነው። የልጅነት ስሙ ናባርኑግዮስ ይባል ነበር። ሀገሩ በሮምና በፋርስ መካከል የተጨነቀች ስለነበረች፥ አባቱ ለሮማውያን የቃል ኪዳን መያዣ እንዲሆን የ12 ዓመት ልጁን ወደ ቍስጥንጥንያ ላከው። ዳግማዊ ቴዎዶስዮስና ንግሥቲቱ አውዶክያ ግን እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ልጅ አሳደጉት። በዚያ ዘመን ሰው የሚከበረው በዘሩና ለዙፋኑ ባለው ቅርበት ነበር፤ ለእርሱም ሁለቱ ተሰጥተውታል። እርሱ ግን በፋርስ ምድር የተሠዉ የሰማዕታትን አፅም በማደሪያው አኑሮ፥ በዚያ ፊት በጾምና በጸሎት ይተጋ፥ ሌሊትም ከአጠገቡ በምድር ላይ ይተኛ ነበር።

ክርስትና አባቱ ዮሐንስ የተባለ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ነበር። ሁለቱም ተማክረው በሌሊት ከቤተ መንግሥት ወጡ። ከዚያ ሁሉ ሀብት መካከል የያዙት የሰማዕታቱን አፅምና ከዕፀ መስቀሉ ክፋይ ያለበትን የዮሐንስ ወንጌል ነበር። መንገዱን በእግራቸው ተጓዙ። ደቀ መዝሙሩ ዮሐንስ ሩፎስ የጻፈው ገድል እንደሚተርከው፥ ኢየሩሳሌምን ከሩቅ ባዩ ጊዜ በግንባራቸው ተደፍተው ሰገዱ፤ ከዚያም እስከ ከተማይቱ ድረስ ምድሩን እየሳሙ በጕልበታቸው ሄዱ። በደብረ ዘይት የተቀበለቻቸው የሮም መሳፍንት ልጅ ሆና ሀብቷን ለድኆች ያከፋፈለችው ቅድስት ሜላንያ ናት። በዚያም መንኵሰው፥ ልዑሉ ናባርኑግዮስ ጴጥሮስ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንድሞች በዳዊት ግንብ አጠገብ ገዳም ሠርተው እንግዶችንና ድኆችን ይቀበሉ ጀመር። በቤተ መንግሥት ሲገለገል ያደገው ሰው ለተሳላሚዎች ማዕድ ያቀርብ ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ልማድ በዚያ ወቅት ተለውጦ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት መነኮሳት በበረሃ የተረሱ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ግን ባለጠጎችና መኳንንት የመነኮሳትን ወዳጅነት ይሻሙ፥ ቅዱስ የተባለውንም ለማየት ይጋፉ ነበር። ክብር መልኩን ለውጦ፥ የምናኔ ቀሚስ ለብሶ መጣ። ንግሥት አውዶክያም ወደ ኢየሩሳሌም በመጣች ጊዜ፥ ያሳደገችውን ልጅ ለማየት እጅግ ናፈቀች። አባ ጴጥሮስ ሸሽቶት የወጣው ቤተ መንግሥት ተከትሎት እንደ መጣ ተረዳ። አባ ዜኖን የተባለውን ጻድቅ አረጋዊ አማክሮም፥ ከቅድስቲቱ ከተማ ወጥቶ በጋዛና በወደቧ በማዩማ መካከል ወዳለው የመነኮሳት ሰፈር ወረደ።

በዚያም ክብር ፈለገው። ያለ ፈቃዱ ቅስና ተሾመ፤ ራሱን እንደማይገባ ቈጥሮ ለብዙ ጊዜ ሳይቀድስ ኖረ። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ በተደረገ ጊዜ የፍልስጥኤም መነኮሳትና ሕዝብ ውሳኔውን አልተቀበሉም፤ በ452ም አባ ጴጥሮስን ለማዩማ ጳጳስ አደረጉት። በሹመቱ ብዙ አልቈየም። በ453 ንጉሥ መርቅያን ጉባኤውን ያልተቀበሉትን ጳጳሳት እንዲሰደዱ አዘዘ። ንግሥት ብርክልያ በቤተ መንግሥት ያደገውን ጴጥሮስን ከፍርዱ እንዲወጣ አድርጋ ነበር፤ እርሱ ግን ወንድሞቹ ሲሰደዱ በመንበሩ መቀመጥን አልወደደም፤ ከእነርሱ ጋር ወደ ግብጽ ሄደ። በ457 ከዲዮስቆሮስ በኋላ ጢሞቴዎስን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት አድርገው ከሾሙት አባቶች አንዱ እርሱ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ፍልስጥኤም ሲመለስ፥ በአስቀሎና አቅራቢያ በምትገኝ ጴልያ በምትባል መንደር ተቀመጠ። መንበር አልነበረውም፤ በዙሪያው ያሉ ምእመናን ግን ሃይማኖታቸውን ሊያጸኑ ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ዛሬ የምትረግጡት አሸዋ የስደተኛው አባት የተመላለሰበት ምድር ነው።

ዘመኑም እንደገና ተለወጠ። ንጉሥ ዘይኑን በ482 የአንድነት ደብዳቤ አውጥቶ ቤተ ክርስቲያንን ሊያስታርቅ ሲሞክር፥ ትላንት የተሰደዱት ዛሬ የሚፈለጉ ሆኑ፤ አባ ጴጥሮስም ወደ ቍስጥንጥንያ ተጠራ። በመያዣነት የገባበት ከተማ በክብር ሊቀበለው ተዘጋጅቶ ሳለ፥ እርሱ ወደ ፊንቄ ሸሸ። መከራ ሲመጣ ወንድሞቹን ያልተወ ሰው፥ ሞገስ ሲመጣ ዝምታን መረጠ። በፊንቄም በቤሩት ሕግ የሚማሩ ወጣቶች ትምህርቱን ሰሙ፤ የእርሱን ፈለግ ተከትሎ በማዩማ አጠገብ ባለው ገዳሙ ከመነኰሱት አንዱ፥ በኋላ በ512 የአንጾኪያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው ታላቁ ሳዊሮስ ነው።

ተሳላሚ ሁሉ ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር በገድሉ ተጽፏል። አባ ጴጥሮስ በሽምግልናው ወደ ኢየሩሳሌም አቅራቢያ ደርሶ ሳለ ወደ ከተማይቱ አልገባም። አንዳንዶች በዚህ ተሰናከሉ፤ ከሩቅ የመጣው ሕዝብ የሚናፍቀውን ቅዱስ ስፍራ እርሱ በደጁ ሆኖ እንዴት ይተወዋል ብለው አንጐራጐሩ። ከእነርሱም አንዱ በሌሊት ራእይ፥ አባታችን ቅዱሳት መካናትን ሁሉ አንድ በአንድ ሲሳለም አየው። በወጣትነቱ በጕልበቱ እየዳኸ የገባባትን ከተማ፥ በእርጅናው በልቡ ተሸክሟት ነበር።

አባ ጴጥሮስ በፈረንጆች ዲሴምበር 1 ቀን 491፥ ከአስቀሎና በስተ ሰሜን በያብኔ አጠገብ በባሕሩ ዳር ዐረፈ። ሥጋውንም ደቀ መዛሙርቱ ወስደው በማዩማ በገዳሙ ቀበሩት። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳሯ ኪያክ 1 ቀን፥ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 1 ቀን፥ ታስበዋለች።

ምእመናን ሆይ፥ ዘመን የሚያከብረውን ነገር ይለዋውጣል። አንድ ጊዜ ዘርን፥ አንድ ጊዜ ገንዘብን፥ አንድ ጊዜም መንፈሳዊ መስሎ መታየትን ያከብራል። ኢየሩሳሌምን መሳለምም በሀገራችን ክብር አለው፤ ተሳላሚውን ሰው ተነሥቶ ይቀበለዋል፥ ጎረቤት በእልልታ ያስገባዋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጉዞው ዋጋ በእርሱ አያልቅም። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በመቃብሩ ፊት የፈሰሰው እንባችሁ ከተጣላችሁት ወንድም ጋር ያስታርቃችሁ እንደ ሆነ፥ ለድኃው ማዕድ ያስዘረጋችሁ እንደ ሆነ ራሳችሁን መርምሩ። ያን ጊዜ እንደ አባ ጴጥሮስ ቅድስቲቱን ከተማ ይዛችኋት ተመልሳችኋል።

የአባታችን የአባ ጴጥሮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።