ዶክተር ሔለን ታውሲግና የሰማያዊ ሕፃናት ልብ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ የሚል፣ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስም ከተቀመጠበት የማይነሣ ሕፃን ቢታይ፣ ምላሱና የጥፍሩ ሥር ጠቁሮ ቢገኝ፣ ነገሩን በስንፍና ወይም በዓይን ጥላ አሳብቦ ማለፍ አይገባም። ለሐኪም ይህ ከልደት ጋር የመጣ የልብ ጉድለት ምልክት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ እየጨመረ በሄደ መጠን የአየሩ ኦክስጅን ግፊት ስለሚቀንስ፣ በጽንስ ጊዜ የሳንባውን ደም ወሳጅ ከዋናው የደም ቧንቧ ጋር የሚያገናኘው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ከልደት በኋላ ሳይዘጋ የመቅረቱ ዕድል እንደሚበዛ በአንዲስ ተራሮችና በሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ይህ አጭር ቧንቧ ለአንዱ ሕፃን የሕመም ምክንያት ሲሆን ለሌላው ግን የሕይወት መተላለፊያ ነው። ይህን ልዩነት አስተውለው ለሕክምና ያበቁት ዶክተር ሔለን ታውሲግ ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሔለን ብሩክ ታውሲግ ግንቦት 24 ቀን 1898 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፍራንክ ታውሲግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የኢኮኖሚ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ። እናታቸው ልጅቱ የ11 ዓመት ዕድሜ ሳለች በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ሔለን በልጅነታቸው ፊደላትን አገናኝቶ ማንበብ እጅግ ይቸግራቸው ስለ ነበር፣ አባታቸው በትዕግሥት አጠገባቸው ተቀምጠው ያስጠኗቸው ነበር። በ1921 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ።

ሕክምና ለመማር ሲነሡ ግን በሩ ተዘጋባቸው። በዚያ ዘመን የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበር። አንዳንድ ትምህርቶችን ከወንዶቹ ተለይተው እየተቀመጡ ከተከታተሉ በኋላ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በዚያም አንድ መምህር የበሬ ልብ ሰጥተው እንዲመረምሩት አዘዟቸው፤ የሕይወታቸው አቅጣጫ የተወሰነውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1927 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት በዶክተርነት ተመረቁ፤ በ1930ም በዚያው ሆስፒታል የሕፃናት የልብ ክሊኒክ ኃላፊ ሆኑ።

የመጀመሪያ ሥራቸው ዛሬም በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችን በሚጎዳው፣ ከጉሮሮ ቁስለት በሚነሣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የመስማት ኃይላቸው እየደከመ ሄደ። የልብን ድምፅ ማዳመጥ ዋና መሣሪያ በነበረበት ሙያ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ዶክተር ታውሲግ ሥራቸውን አልተዉም። ድምፅ የሚያጎላ የልብ ማዳመጫ ከመጠቀማቸውም በላይ፣ ጣቶቻቸውን በሕፃኑ ደረት ላይ አሳርፈው የልቡን ምትና ንዝረት በመዳሰስ መመርመርን ተማሩ። በፍሎሮስኮፕ የልብን ቅርጽ ከየአቅጣጫው እያዩ፣ የሞቱትንም ሕፃናት ልብ እየመረመሩ፣ በሕይወት ሳሉ ያዩትን ምልክት ከሞት በኋላ ከተገኘው ጉድለት ጋር ያነጻጽሩ ነበር።

በዚህ ድካም መካከል የፈረንሳዩ ሐኪም ፋሎ በ1888 የገለጹት ባለ አራት ጉድለት የልብ ሕመም የያዛቸው ሕፃናት ትኩረታቸውን ሳቡት። በእነዚህ ሕፃናት ወደ ሳንባ የሚሄደው መንገድ ስለሚጠብ ደማቸው በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ይዘዋወራል፤ ሰውነታቸውም ይጠቁራል። ዶክተር ታውሲግ ያስተዋሉት ነገር፣ ዳክተሱ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ሕፃናቱ ሲሻላቸው፣ በተዘጋ ጊዜ ግን ሕመሙ የሚብስባቸው መሆኑን ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ የዘጋችውን መተላለፊያ ሰው ሊሠራው ይችል እንደሆነ ጠየቁ። በ1938 ክፍት ዳክተስን በቀዶ ጥገና በመቋጠር ዝና ላገኙት ለቦስተኑ ዶክተር ሮበርት ግሮስ ሐሳቡን ቢያቀርቡላቸውም፣ ግሮስ አልተቀበሏቸውም።

በ1941 ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲመጡ ሐሳቡ ሰሚ አገኘ። ከእርሳቸው ጋር የመጡት ጥቁር አሜሪካዊው ቪቪየን ቶማስ ሐኪም ለመሆን ተመኝተው ለትምህርት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በባንክ ውድቀት ያጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ወሳጅ ከሳንባው ደም ወሳጅ ጋር የማጋጠሙን ጥበብ በውሾች ላይ ደጋግመው ሞክረው ያደላደሉት እርሳቸው ናቸው። ኅዳር 29 ቀን 1944 ብላሎክ የ15 ወር ዕድሜ ባላት፣ ክብደቷም ከ5 ኪሎ በማይሞላ ሕፃን ላይ ቀዶ ጥገናውን ሲያካሂዱ፣ ቶማስ ከኋላቸው ቆመው ይመሯቸው ነበር። ሕፃኗ ለጥቂት ወራት ተሽሏት ነበር፤ በኋላ ግን ሞተች። ሥራው በዚህ አልቆመም። ሦስተኛው ታካሚ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ፣ ገና ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳይነሣ ከንፈሩ ቀላ።

በግንቦት 1945 የወጣው የምርምር ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ይዞ ሲወጣ የቶማስን ስም አልጠቀሰም። ዩኒቨርሲቲው ለቶማስ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው። ታውሲግም ቢሆኑ ሙሉ ፕሮፌሰርነትን ያገኙት ዘግይተው፣ በ1959 ነበር። የሕክምናው ታሪክ ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል።

ዶክተር ታውሲግ በ1947 ስለ ልብ የተፈጥሮ ጉድለቶች ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1962 ጀርመን ድረስ ሄደው ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በጽንሶች ላይ ያደረሰውን ጉዳት መርምረው ለአሜሪካ ሐኪሞችና ለሕግ አውጪዎች አስረዱ። በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የወፎችን ልብ እየመረመሩ ሳለ፣ ግንቦት 20 ቀን 1986፣ 88ኛ ዓመታቸው ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ በመኪና አደጋ ሞቱ።

ከእርሳቸው በኋላ ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቀና ቀዶ ጥገና ተስፋፍቷል። በኢትዮጵያም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ በ2009 የልብ ማዕከል ተከፍቶ ብዙ ሕፃናት ድነዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሕክምና እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁትም በሺሕ ይቆጠራሉ። ከደብረ ታቦር እስከዚያ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ተራው ሳይደርሰው የሚያልፍም ሕፃን አለ። መንገዱን የሚያሳጥረው የመጀመሪያ እርምጃ ግን በጤና ጣቢያው ውስጥ ያለ ነው፤ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ምላሱን ማየት፣ ደረቱን መዳሰስ፣ ልቡን ማዳመጥና የተጠረጠረውን ሳይዘገዩ መላክ። ጆሯቸው የደከመባቸው ሐኪም በጣቶቻቸው ያገኙትን፣ ጆሮው ጤነኛ የሆነ ባለሙያ ሊያልፈው አይገባም።