ራፋኤል ላርኮ ሆይሌ እና የሞቼ ሸክላ የዘመን ቅደም ተከተል

እ.ኤ.አ. በ1901 በሰሜን ፔሩ ከሸንኮራ አገዳ ባለርስቶች ቤተሰብ የተወለደው ራፋኤል ላርኮ ሆይሌ የተማረው ግብርና ነበር። አባቱ የገዛውን የጥንት ሸክላ ስብስብ መነሻ አድርጎ በ1926 በቺክሊን ቤተ መዘክር አቋቋመ። በካርቦን ዕድሜን መለካት ገና ባልተለመደበት በዚያ ጊዜ፣ የሞቼን መቃብሮች በዘመን ለመለየት የተመለከተው ተመልካች የሚደነቅባቸውን የሰው ፊት ምስሎች ሳይሆን እርካብ መሰሉን የማሰሮ አንገት ነው። አጭሩንና ከንፈሩ ወፍራም የሆነውን ከመጀመሪያው፣ ወደ አፉ እየጠበበ የሚሄደውን ከመጨረሻው ዘመን መድቦ፣ በ1948 ባለ አምስት ምዕራፍ ቅደም ተከተል አሳተመ። ማስረጃው በአብዛኛው ከቺካማና አካባቢው የተገኘ ነበርና፣ በሰሜን በሚገኘው የሄኬቴፔኬ ሸለቆ ይህ አከፋፈል በኋላ አልሠራም። ላርኮ ግን እስካረፈበት እስከ 1966 ድረስ ሞቼን በአንድ ማዕከል የሚገዛ መንግሥት አድርጎ ያይ ነበር፤ የአንገቶቹ ተመሳሳይነትም ይህን እይታ ሳያጠናክርለት አልቀረም።