ጄምስ ዊልሰንና የሦስት አምስተኛው አንቀጽ

ሕግ የሚያረቅ ሰው ከሚያምንበት ነገርና ሊሆን ከሚችለው ነገር መካከል እንዲመርጥ የሚገደድበት ጊዜ አለ። ይህ ፈተና ከደረሰባቸው የሕግ ሰዎች አንዱ ጄምስ ዊልሰን ነው። በአሜሪካ የነጻነት መግለጫም በሕገ መንግሥቱም ላይ ከፈረሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ሥልጣን ሁሉ ከሕዝብ ይመነጫል ብሎ አጥብቆ የሚያምን ሊቅ ነበር። ዳሩ ግን የባሮች ቁጥር በሦስት አምስተኛ እንዲታሰብ ለጉባኤው ሐሳብ ያቀረበው እርሱ ራሱ ነው።

ዊልሰን በ1742 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በስኮትላንድ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1765 ባሕር ተሻግሮ ፔንሲልቬኒያ ገባ፤ በዚያም በጆን ዲክንሰን ዘንድ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። በ1774 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ እንደራሴ በሌላቸው ቅኝ ግዛቶች ላይ ሕግ ሊያወጣ እንደማይችል ተከራከረ፤ ሕጋዊ መንግሥት ሁሉ የሚቆመው በተገዢዎቹ ፈቃድ ነውና።

በ1787 በፊላደልፊያ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ሲሰበሰብ፣ ዊልሰን ይህንኑ እምነት ይዞ ገባ። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ እንዲመረጡ፣ መቀመጫውም በሕዝብ ብዛት እንዲደለደል ፈለገ። ትንንሾቹ ግዛቶች ግን እንዋጣለን ብለው ፈሩ። የደቡብ ግዛቶች ደግሞ ድምፅ የማይሰጡት፣ ንብረት ተብለው የሚሸጡትና የሚለወጡት ባሮቻቸው ለመቀመጫ ድልድል እንዲቆጠሩላቸው ጠየቁ። ባርያው በተቆጠረ መጠን የሚበረታው ባርያው ሳይሆን ጌታው ነበር።

ሰኔ 11 ቀን ዊልሰን የሦስት አምስተኛውን ስሌት አቀረበ። ስሌቱ አዲስ አልነበረም፤ በ1783 ለግብር አከፋፈል ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በዘጠኝ ግዛቶች ድምፅ በሁለት ተቃውሞ አለፈ። ልክ በወሩ፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ ዊልሰን የስሌቱ መሠረት እንደማይታየው ለጉባኤው ገለጸ። ባሮቹ ዜጎች ከሆኑ ስለምን እንደ ነጮቹ እኩል አይቆጠሩም? ንብረትም ከሆኑ ስለምን ሌላው ንብረት አይቆጠርም? ሆኖም ለስምምነት ሲባል ይህ ችግር መታለፍ እንዳለበት አመነ። ከአምስት ቀን በኋላ ግን ለግዛቶች ሁሉ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እኩል ድምፅ የሚሰጠው ውሳኔ በአምስት ለአራት ድምፅ ጸደቀ። ዊልሰን ዋጋውን ከፍሎ፣ የፈለገውን ያገኘው በአንዱ ምክር ቤት ብቻ ሆነ።

ዝርዝሩን ባረቀቀው የአምስት ሰዎች ኮሚቴ ውስጥም ዊልሰን ነበረበት። በመጨረሻ የጸደቀው ሰነድ ባርያ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም፤ ሌሎች ሰዎች እያለ ያልፋል። የባሮች ማስገባት እስከ 1808 እንዳይከለከል፣ የኮበለለ ባርያም ለጌታው እንዲመለስ ተደነገገ። ዊልሰን በፔንሲልቬኒያ ስለ ማጽደቁ ሲከራከር፣ ክልከላው ሲመጣ ባርነት ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ተስፋውን ገለጸ። በገዛ ቤቱ ግን ባርያ ነበረው።

ተስፋው አልሠመረም። በ1790 ወደ 700,000 ገደማ የነበሩት ባሮች በ1860 አራት ሚሊዮን ያህል ሆኑ። ስሌቱም ለባርያ አሳዳሪዎች በእንደራሴዎች ምክር ቤትም፣ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጡት መራጮች ዘንድም ተጨማሪ ኃይል ሰጣቸው። ባርነት በ1865፣ የሦስት አምስተኛው ስሌት በ1868 የተሻሩት ከ600,000 በላይ ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው።

ዊልሰን በ1789 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ፤ በ1793ም አንድ ግለሰብ የጆርጂያን ግዛት መክሰስ ይችላል ከሚሉት ዳኞች ጋር ወሰነ። ነገር ግን በመሬት ንግድ ከዕዳ ላይ ዕዳ ጨመረ፤ በዳኝነት ወንበሩ ላይ እያለም በአበዳሪዎቹ ክስ ታሰረ። በ1798 በሰሜን ካሮላይና፣ በኤደንተን ከተማ፣ በ55 ዓመቱ ተቸግሮ ሞተ። ዐፅሙ ወደ ፊላደልፊያ የተመለሰው በ1906 ነው።

ዊልሰን መርሑን ያልተረዳ ሰው አልነበረም፤ ጉድለቱን አይቶ፣ ለጊዜው ይለፍ ያለ ነው። ጊዜያዊ ተብሎ የታለፈው ግን ከሰባ ዓመት በላይ ከዘለቀ በኋላ፣ ዕዳውን የከፈሉት በጉባኤው ያልተወከሉት ሆኑ።