ሩዶልፍ ዲዝልና የጭሱ ነገር

በአገራችን ጋራዦች ዲዝል የሚለውን ቃል አዘውትሮ የሚጠራ መካኒክ ብዙ አይደለም። መኪናው የናፍጣ መኪና፣ ነዳጁ ናፍጣ፣ ሞተሩም የናፍጣ ሞተር ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ ፖምፓና ኖዝል ሲፈታ ኖሮ ዲዝል የሰው ስም መሆኑን ያልሰማ ባለሙያ ብናገኝ ሊገርመን አይገባም። በመማሪያ መጻሕፍትም ቢሆን ሰውየው የሚያገኘው አንድ መስመርና አንድ የፓተንት ዓመት ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አራቱ ምቶች ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን በመጠኑ ዘርዘር አድርጌ ለማቅረብ ሞክሬያለሁ። ጭስ ርዕሱ ውስጥ የገባው በዘፈቀደ አይደለም። አሮጌ የናፍጣ መኪና ጭሱን አልተው ሲል እኛ የምናደርገውን ምርመራ ሰውየው ከ130 ዓመት በፊት በገዛ ሞተሩ ላይ፣ ያለ ማንዋልና ያለ አስተማሪ አድርጎታልና ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ግን ጀርመኖች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ከአውግስቡርግ የመጣ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ሲሆን፣ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ የሚባል ዓይነት ነበር። ልጁም የተሠራውን የቆዳ ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ሲያገኝ የሚሄደው ፓሪስ ወዳለው የቴክኒክ ሙዚየም ነው። እዚያ የቆሙትን የድሮ ማሽኖች እያየ ይሥላል።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ፓሪስ ለጀርመኖች የምትመች ከተማ አልሆነችም። ቤተሰቡ ተባሮ ለንደን ገባ። የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ ደግሞ ብቻውን አውግስቡርግ ወደሚኖሩት አክስቱና ባለቤታቸው ዘንድ ተላከ። የአክስቱ ባል የሒሳብ መምህር ነበሩ። ለልጁ ይህ ስደት እንደ ዕድል ሆነለት ማለት ይቻላል፤ ትምህርቱን እዚያው ገፍቶ ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ለወላጆቹ ጻፈ። ኋላም ሚዩኒክ የሚገኘው ፖሊቴክኒክ በስኮላርሺፕ ተቀበለው።

ሚዩኒክ ላይ ያስተማሩት ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽን አባት የሚባሉት ናቸው። በቴርሞዳይናሚክስ ክፍለ ጊዜ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አሥረኛውን እንኳ እንደማይሞላ፣ ካርኖ የተባለው ፈረንሳዊ ያሰላው ወሰን ግን ከዚያ እጅግ የራቀ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ይቺ ክፍተት ልጁን አልለቀቀችውም። በ1879 መመረቅ ሲገባው ታይፎይድ ይዞት ፈተናው አመለጠው። ቀጣዩን ፈተና ሲጠብቅ ስዊዘርላንድ ዊንተርቱር ሱልዘር ፋብሪካ ገብቶ በእጁ ሠራ፤ በጃንዋሪ 1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የበረዶ ዓመታት ናቸው። ፓሪስ ተመልሶ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ያዘ፣ ቶሎም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሽን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። በትርፍ ጊዜው ግን በእንፋሎት ፈንታ በአሞኒያ ተን የሚሠራ ሞተር ይሞክር ነበር። አንድ ቀን ሙከራው ፈነዳና ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኛ፤ ጤናው ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በቃኝ ባለ ነበር።

እሱ ግን አሞኒያውን ትቶ አየርን ያዘ። ሐሳቡን ለመረዳት የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ መንፋት ይበቃል፤ አየሩ ሲታመቅ የፓምፑ ጫፍ እጅ ያሞቃል። ዲዝል ያሰበው ይህንኑ እስከ ጥግ መውሰድ ነው። አየሩን ብቻ እጅግ አድርጎ ማመቅ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነዳጁን መርጨት፣ ያለ ካንዴላ በራሱ እንዲቀጣጠል ማድረግ። ፓተንቱን በ1892 ጠይቆ በፌብሩዋሪ 1893 ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ያለመው የእመቃ ግፊት 250 አትሞስፌር ነበር። በብረትና በዘይት የሚሠራ ሰው ይህን ቢያነብ ይስቃል፤ ራሱ ዲዝልም ብዙ ሳይቆይ ቁጥሩን ብዙ እጥፍ ቀነሰው። ያም ሆኖ የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪኽ ቡትስ አመኑት፤ ክሩፕም በገንዘብ ገባበት።

የመጀመሪያው ሞተር ኦገስት 10 ቀን 1893 ተሞከረ። ቤንዚን ተረጨ፣ ተቀጣጠለ፣ ወዲያው የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው ሰዎቹ አጠገብ በረረ። ሰው አልተጎዳም። ዲዝል ግን ሞተሩ ባይዞርም ሐሳቡ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ ብሎ ደስ አለው። ቀጥሎ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ለእኛ ሙያ ዋናው እሱ ነው። አየሩ በፒስተኑ ዳር ያመልጥ ስለነበር ግፊቱ የታሰበው ድረስ አልወጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማፈኛው ተሠራ። የመጀመሪያው ሞተር የውሃ ማቀዝቀዣ እንኳ አልነበረውም፤ ተጨመረለት። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደቂቃ 88 ዙር በራሱ ኃይል ዞረ። ያስተዋለው አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ ነው ይባላል፤ ሞተሩን ከፋብሪካው ዘንግ የሚያዞረው ቺንጊያ ላይ ጭነቱ ሲገላበጥ አይቶ፣ ሞተሩ ሳቢ መሆኑ ስለገባው ባርኔጣውን አወለቀ።

ጭሱ ግን ቀረ። በጭስ ማውጫው ጥቁር ጥላሸት ይወጣል፣ ውስጡም ይጠቁራል። ነዳጁ በበቂ ሁኔታ አይበተንም፣ ከአየሩም አይቀላቀልም። ዲዝል ልዩ ልዩ የኖዝል ቅርፅ ሞከረ፣ ነዳጅ ቀያየረ፣ ጋዝም ሞከረ። በየሙከራው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በወረቀት ላይ የሚሥለውን ኢንዲኬተር ያነባል፤ ሥዕሉን ከጭሱ ጋር ያስተያያል። በመጨረሻ የጠቀመው ነዳጁን በታመቀ አየር እየነፉ ማስገባት ነው። ነዳጁ እንደ ጉም ተበትኖ ስለሚገባ ቃጠሎው ተስተካከለ። ዋጋው ደግሞ ከሞተሩ ጋር ከባድ ኮምፕረሰር ማቆም ሆነ።

እስቲ ወደ ወርክሾፓችን እንምጣ። አንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ሲያጨስ ነዳጅ አለ፣ አየሩ ግን አላዳረሰም ወይም አልተቀላቀለም ማለት ነው፤ የ1894ቱ ችግር ሳይለወጥ መጣ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ወዲያው ፖምፓው ነው ብሎ መፍታት ነው። ፖምፓ ማስተካከል ውድ ነው፤ የአየር ፊልትሮ አውጥቶ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም። ከዚያ ኖዝሎቹ በመሞከሪያ ፓምፕ ይታያሉ፤ በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ውስጥ ነው። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ያጨሳል። (በሙከራ ጊዜ እጅ ከርጭቱ ፊት አይቀርብም፤ ናፍጣው ቆዳ ይበሳል።) አንድ ነገር ደግሞ የአውሮፓ ማንዋል አያሳስበንም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህሉን ያጣ ነው። ቱርቦ የሌለውና ለከፍታ ራሱን የማያስተካክል አሮጌ ሞተር ፖምፓው ለባሕር ወለል እንደተቃኘ ከሆነ፣ ጤነኛ ሆኖም ዳገት ላይ ይጠቁራል። ዲዝል የሞከረባት አውግስቡርግ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ቃጠሎ ነው፤ የፒስተን ፋሻ፣ የቫልቭ ማሸጊያ ወይም ቱርቦ ካለው የቱርቦው ማሸጊያ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ናፍጣና ኖዝል መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው። ነጩ ጭስ ግን ተንኮለኛ ነው። ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልነደደ ነዳጅ ነው፤ ግፊት ማነስ፣ የማሞቂያ ካንዴላ መበላሸት ወይም ነዳጁ ዘግይቶ መረጨቱ ነው። ናፍጣ የማይሸት እንፋሎት ሆኖ፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልቆም ካለ፣ የራዲያተር ውሃም እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ነው። ከየትኛው ሲሊንደር እንደሚመጣ ለማወቅ ሞተሩን በሚኒሞ እያስነሱ የኖዝል ቧንቧዎችን ፍሬ ተራ በተራ ላላ ማድረግ ነው። አንዱ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠና ጭሱ ከቀነሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ የዚያን ሲሊንደር ግፊት መለካት ነው። ዲዝልም ከኖዝል በፊት የጀመረው ከግፊቱ ነበር፤ አየሩ ካልታመቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897፣ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ፈተኑት። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 250፣ የፒስተኑ ጉዞ 400 ሚሊሜትር። በደቂቃ 154 ዙር እየዞረ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፣ ከነዳጁ ሙቀትም 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። በዘመኑ ይህን የሚያህል ሌላ ሞተር አልነበረም። ሞተሩ ዛሬ ሚዩኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ቆሟል።

ገንዘቡ ከየአቅጣጫው መጣ። አሜሪካ ውስጥ ቢራ ጠማቂው አዶልፈስ ቡሽ ለመብቱ አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። በ1898 ዲዝል ቀሪ መብቶቹን ለአንድ አዲስ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ሸጠ። በዚያው ዓመት ግን ኬምፕተን ለሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ የተሸጠው ሞተር እየተበላሸ አስቸገረ። ፈታኙ ፕሮፌሰር ፊት በሚገባ የሠራ ሞተር በተራ ማሽኒስት እጅ ሲገባ ሌላ ሆነ። ደንበኞች ያማርራሉ፣ ተወዳዳሪዎች ፈጠራው የአንተ አይደለም እያሉ ይከሱታል። ዲዝል ራሱን አሞት የነርቭ ሕሙማን ማረፊያ ገባ። በእኔ አስተያየት ሰውየውን የጎዳው ሳይበስል መሸጡ ነው፤ ችግሮቹን ቀስ በቀስ የፈቱት የአውግስቡርግ መሐንዲሶች ናቸው፣ ስሙን ያስጠሩትም እነሱ ናቸው።

በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ። እዚያ ከቀረቡት አንዱ ትንሽ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል፤ ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነበር፣ ኦቾሎኒ በሚበቅልባቸው የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሞተሩ በአገሬው ዘይት እንዲሠራ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ ተሻገረች። መኪና ላይ ግን በሕይወቱ ሳለ አልወጣም፤ ያ ኮምፕረሰር ለመኪና አይሆንም። ቅድመ ክፍል ያለው ሲሊንደር ራስና በ1927 በብዛት መመረት የጀመረው የቦሽ ፖምፓ ኮምፕረሰሩን ካስቀሩት በኋላ፣ በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የናፍጣ አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ጋራዥ የሚመጡት አሮጌዎች ብዙዎቹ የእሱ ዝርያዎች ናቸው።

ገንዘቡስ? ሚዩኒክ ላይ ትልቅ ቪላ ሠራ፣ በመሬትና በነዳጅ ጉድጓድ ንግድ ገባ፣ ከሰረም። በውጭ ዓለም ዝናው እየገነነ፣ ቤቱ በዕዳ ተይዞ ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሻገረው ድሬስደን መርከብ ተሳፈረ። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር እራት በላ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ጠዋት በ12 ሰዓት ከሩብ እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት አልጋው አልተነካም፣ የሌሊት ልብሱ እንደተዘረጋ ነው፣ ሰዓቱም ከአልጋው እንዲታይ ሆኖ ተቀምጧል። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቧ ኋላ ሐዲዱ ሥር ተገኙ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን አንጻር መስቀል ተሠምሮበት ነበር።

ራሱን አጠፋ፣ ተገደለ፣ ተሰወረ እያሉ ብዙዎች ጽፈዋል። የነዳጅ ባለሀብቶችንና የጀርመን መንግሥትን የሚከሱ መላ ምቶችም አሉ፣ ማስረጃ ግን አላቀረቡም። ዕዳውና መስቀሉ ሲታይ የመጀመሪያው ያመዝናል። ከጉዞው በፊት ለማርታ አንድ ቦርሳ ትቶላት ነበር፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዳትከፍተው አደራ ብሏታል። ስትከፍተው 20,000 ማርክና የባንክ ሒሳባቸው ባዶ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ተገኙ። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ የሆላንድ ጀልባ ባሕር ላይ አስከሬን አገኘች። ባሕሩ ስለከፋ መርከበኞቹ የኪስ ዕቃዎቹን ብቻ ወስደው አስከሬኑን ወደ ውሃው መለሱት። የኪኒን መያዣው፣ ቦርሳው፣ ሰንጢውና የመነጽር ቤቱ የአባቱ መሆናቸውን ልጁ ኦይገን ኦክቶበር 13 ቀን አረጋገጠ።